የድንጋይ ወለል ከማንጠፋችሁ በፊት ወደ ታች እዩ

ቤት ሲታደስ ስለ ድንጋይ ወለል የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ የቀለም ነው። ነጩ ይሻላል ወይስ ግራጫው? የሚያብረቀርቅ ይሁን ወይስ ፈዘዝ ያለ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በየቀኑ የምትረግጡት፣ በየቀኑ የምታዩት ነገር ነውና። ግን የተሰነጠቀ፣ የተነሳ ወይም ቢጫ የመታ ወለል ስታገኙ ጠጋ ብላችሁ መርምሩት። ጥፋቱ ድንጋዩ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ነው። እኔም እዚህ ከላዩ ይልቅ ስለ ሥሩ ብዙ አወራለሁ።

ከድንጋይ ጠባይ እንነሳ። ድንጋይ ጫና ይችላል፤ መታጠፍ ግን አይችልም። ግራናይት ከላይ ሲጫኑት የሚሸከመው ኃይል፣ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ከሚችለው አስር እጥፍ ይበልጣል። እብነ በረድ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይጠባል እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ድንጋዩ ተራራ ውስጥ ሳለ ይህ ድክመቱ አይታወቅበትም ነበር። ከሥርም ከጎንም ተደግፎ ነው የኖረው። ተቆርጦ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ያን ድጋፍ ያጣል። የአንጣፊው ሥራ እንግዲህ ድጋፉን መልሶ መስጠት ነው፤ በሙሉ ጀርባው፣ ባዶ ቦታ ሳይተዉ።

ውፍረትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬውም በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም። 2 ሴንቲ ሜትሩን ወደ 1 ስታወርዱት መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስስ ድንጋይ መግዛት ሐጢአት አይደለም፤ ግን ስስ ሲሆን ከሥሩ ያለው ነገር ይበልጥ ጠንካራና ይበልጥ ደልዳላ መሆን አለበት።

የትኛው ድንጋይ?

ሁለት ጠላት አስቡ፦ አሲድና አሸዋ።

እብነ በረድ ወይም ማርብል፣ የኖራ ድንጋይና ትራቨርቲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዋናው ማዕድናቸው ካልሳይት ነው። ካልሳይት ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ከመግዛታችሁ በፊት ከሻጩ አንድ ቁራጭ ለምኑና የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉት። ከዚያ ቁራጩን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። ጠብታዋ በነበረችበት ቦታ ልክ እንደ ቅርጿ ፈዘዝ ያለ ክብ ይታያችኋል። በጣት ስትዳስሱት ሻከር ይላል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። የትኛውም ሳሙና አያስለቅቀውም፤ የድንጋዩ ላይ ተበልቷል። የሚድነው እንደገና ሲወለወል ብቻ ነው። ግራናይት ላይ ተመሳሳዩን ብትሞክሩ ምንም አይሆንም፤ የተሠራው ከኳርትዝና ከፌልድስፓር ስለሆነ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አይነካውም።

አሸዋው ደግሞ በጫማ ሥር የሚገባው ነው። የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ባለው የሞህስ መለኪያ ይለካል። ካልሳይት 3 ላይ ነው። የተራ አሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ 7 ላይ። ስለዚህ ከውጭ የመጣች አንዲት የአሸዋ ፍሬ እብነ በረድ ላይ ስትረገጥ ትቦጭረዋለች። ወለሉ በሩ አጠገብና ሰው በሚመላለስበት መስመር ቀድሞ የሚፈዘው ለዚህ ነው።

ይህን የምለው እብነ በረድ አትግዙ ለማለት አይደለም። እኔ በበኩሌ የምወደው ድንጋይ ነው። ግን ለወጥ ቤትና ለመግቢያ ከመረጣችሁት የሚያብረቀርቀውን ትታችሁ ለስላሳ ሆኖ የማያብለጨልጨውን ብትወስዱ ይሻላል። አሲድ የሚተወው ምልክትም ሆነ ጭረት እዚያ ላይ ጎልቶ አይታይም። ውሃ በሚነካው ቦታም እንደ ተወለወለው አያንሸራትትም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተወለወለ ወለል ለእግር አደገኛ ነው። በተለይ ሽማግሌና ሕፃን ባለበት ቤት።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ልጥቀስ። አረንጓዴ እብነ በረድ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው በትክክል እብነ በረድ ሳይሆን ሰርፔንታይን የሚባል ማዕድን የበዛበት ሌላ ድንጋይ ነው። የሚለጠፍበትን የሲሚንቶ ሙጫ ውሃ ሲጠጣ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይቆለመማሉ። ማታ ደልዳላ የነበረው ጠዋት ሰሃን መስሎ ይገኛል። ለእሱ ውሃ የሌለበት፣ እንደ ኢፖክሲ ያለ ሙጫ ያስፈልጋል። ጀርባቸው ላይ የፋይበር መረብ የተለጠፈባቸው ድንጋዮችም አሉ። እነዚህ ላይ ሙጫው የሚይዘው መረቡን ነው። መረቡ ከድንጋዩ ከለቀቀ ወለሉም ለቀቀ ማለት ነው። በጥፍራችሁ ጫፉን ፈልቅቁት። በቀላሉ ከተነሳ ለወለል አይሆንም።

ስትገዙ ከወለሉ ስፋት በላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ፤ ሁሉም ከአንድ ጊዜ ምርት ይሁን። ድንጋይ ፋብሪካ የሚያትመው ነገር አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ስም ጠርታችሁ ብትገዙ የምታገኙት ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሥሩ

አዲስ ቤት ሲሠራ ሁሉም ነገር ለወለሉ ታስቦ ይጀመራል። እድሳት ላይ ግን ቤቱ ቀድሞ አለ። በሩ ተሰቅሏል፣ ደረጃው ተሠርቷል፣ አሮጌው ወለል ተነጥፏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ከፍታ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ድንጋይና ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሙጫ ስትደምሩ ወለላችሁ በ3 ሴንቲ ሜትር ሊነሳ ነው። በሩ ይከፈታል? ከጎን ያለው ክፍል ወለል ጋር እንዴት ይገናኛል? የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ከሌሎቹ በ3 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ሰው ይደናቀፋል፤ እግር እኩል ከፍታ ይለምዳልና። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር የገባ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ካለ፣ ወለሉ ከፊቱ ከፍ ሲል ማሽኑ እዚያው ይታሰራል። ሲበላሽ ማውጫ የለውም።

ቀጥሎ ክብደት። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ወይም ግራናይት በካሬ ሜትር ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። ድንጋዩ ብቻውን ከ1 ቶን በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ሙጫው ገና አልተቆጠረም። መሬት ላይ የተኛ የኮንክሪት ወለል ይህን አይሰማውም። ፎቅ ላይ ያለ የእንጨት ወለል ግን ይሰማዋል። እንጨት በሰው እርምጃ ይወዛወዛል፤ ድንጋይ ደግሞ አብሮት አይወዛወዝም። በሙያው የተለመደው መለኪያ ይህ ነው፦ ለሴራሚክ የወለሉ ተሸካሚ እንጨት በጭነት ጊዜ ከርዝመቱ 360ኛ በላይ እንዳይረግብ፤ ለተፈጥሮ ድንጋይ ግን ከ720ኛ በላይ እንዳይረግብ። 3.6 ሜትር ርዝመት ላይ ለሴራሚክ 10 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል፤ ለድንጋይ 5 ብቻ። እንግዲህ ሴራሚክ ለዓመታት የቻለ የእንጨት ወለል ድንጋይንም ይችላል ብላችሁ አትገምቱ። ይህን መሐንዲስ ያስላላችሁ። እዚህ ላይ በግምት መሄድ አይገባም።

ኮንክሪቱ ላይ ደግሞ በጆሮ ነው የሚጀመረው። የመፍቻ እጀታ ያዙና ወለሉን እየተንበረከካችሁ አንኳኩት። ጤነኛው ቦታ ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ቦታ ባዶ ከበሮ ይመስላል። ድምፁ ሲቀየር በጠመኔ አክብቡት። ያ የተከበበው ሊሾ (ኮንክሪቱ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ) መፈንቀልና እንደገና መሠራት አለበት። ሙጫው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከለቀቀ ሊሾ ጋር ቢጣበቅ ምን ይጠቅማል?

አሮጌ ሴራሚክ ላይ መደረብ ይቻላል ወይ ይባላል። በደንብ የተያዘ ከሆነ፣ ከፍታውም ክብደቱም ከፈቀደ፣ የሚያንሸራትተው ላዩ ተፍቆ ሙጫው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው ፕራይመር ከተቀባ ይቻላል። እኔ ግን ይነሳ ባይ ነኝ። ከሥሩ ያለውን ሳታዩ ውድ ድንጋይ ታኖሩበታላችሁ። አሮጌ የፕላስቲክ ታይልና ጥቁር ሙጫ ካጋጠማችሁ ግን አትፈንቅሉ፣ አትፈቅፍቁም። በድሮ ቤቶች ውስጥ እነዚህ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። መጀመሪያ ይመርመር።

ከሁሉ በላይ ድንጋይን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። መሬት ላይ የተኛ ኮንክሪት እንደ ስፖንጅ ውሃ ከታች ይስባል። ያ ውሃ ድንጋዩን አልፎ ሲወጣ ጨውም ይዞ ይመጣል። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስለው እሱ ነው። በነጭ እብነ በረድ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት ውሃ ስታገኝ ትዝጋለች፤ ወለሉም ከውስጥ ቢጫ ይመታል። ከውስጥ የመጣ ቢጫ ደግሞ በማጽጃ አይወጣም።

አዲስ የተሞላ ኮንክሪት 28 ቀን ሲሆነው ጠነከረ ይባላል። ጠነከረ ማለት ግን ደረቀ ማለት አይደለም። በተለመደው ግምት ለየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ውፍረት አንድ ወር ያህል ማድረቂያ ይፈልጋል። ቀላል መፈተሻ አለ። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጠራ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉና አራቱንም ጎን አየር እንዳይገባ በፕላስተር አሽጉት። ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጎረቤቱ ጠቆር ካለ ገና ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አድርጉት፤ በተለይ ግድግዳ ሥርና ቧንቧ በሚያልፍበት አካባቢ። ይህ ፈተና እርጥበት መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። ለትልቅ ሥራ በመሣሪያ የሚለካ ሰው ፈልጉ።

ስንጥቅስ? ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ሁለቱም ወገን እኩል ከፍታ ላይ ካሉ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ተኮማትሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስንጥቅን ከድንጋዩ የሚለይ ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬን የሚባለው፣ ከላዩ ሲነጠፍ ኮንክሪቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ እንኳ እንቅስቃሴው ወደ ድንጋዩ አይደርስም። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከሆነ ግን፣ ወይም ስንጥቁ በየዓመቱ እየሰፋ ከሆነ፣ ችግሩ የወለል ሳይሆን የቤቱ መሠረት ነው። ያንን ሜምብሬን አይሸፍነውም።

በመጨረሻ ደልዳላነት። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያምታታል። ውሃ ልክ መሆንና ደልዳላ መሆን የተለያዩ ናቸው። ወለሉ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ድንጋዩ አይሰበርም። ጎበጥና ጎድጎድ ካለ ግን ይሰበራል። 3 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ አልሙኒየም ወለሉ ላይ አጋድሙና ከሥሩ የሚገባውን ብርሃን እዩ። ጎኑ 38 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ድንጋይ በዚያ ርዝመት ውስጥ የሚፈቀደው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ብቻ። ጎበጥ ያለው ይፈቃል፤ ጎድጎድ ያለው ራሱን በሚያስተካክል ፈሳሽ ሲሚንቶ ይሞላል። ብዙ ሠራተኛ «ሙጫ ስናበዛበት ይስተካከላል» ይላል። አትስማሙ። ሙጫ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በወፈረበት ቦታ ብዙ ይኮማተራል፣ ድንጋዩንም ይዞት ይወርዳል። የድንጋዮቹ ውፍረት ራሱ የተለያየ ከሆነ ግን ዘዴው ሌላ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የአሸዋና ሲሚንቶ ፍራሽ ላይ አንድ በአንድ እየተመታ ይስተካከላል። ቆየት ያለ አሠራር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሠራል።

ሙጫው ከመቀባቱ በፊት አቧራው በቫኪዩም ይነሳ። ከዚያ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ኮንክሪቱ ውሃውን ከጠጣ ደህና። ውሃው እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ላዩ ላይ ቀለም ወይም ዘይት አለ፤ ሙጫውም እንዲሁ ይንከባለላል።

ማንጠፉ

ድንጋዩን ያለ ሙጫ ዘርጉት። ከሦስት አራት ካርቶን እያቀላቀላችሁ አውጡ፤ አንዱ ካርቶን ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ሊል ይችላልና። ከዚያ በሩ ላይ ቁሙና እዩ። ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ከዚያ ነው። መስመሮቹ ወዴት እንደሚፈሱ፣ የትኛው ድንጋይ መሃል እንደሚሆን፣ ጠባሳ ያለበት የትኛው ከሶፋ ሥር እንደሚገባ ያኔ ይወሰናል። ግድግዳ ሥር ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ እንዳትቀር መነሻውን አሸጋሽጉ። ከተስማማችሁ በኋላ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ይጻፍ። ይህ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የባለቤቱ ዓይን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በዚህ ግማሽ ቀን ነው። ሥራ ቢኖራችሁም ቀርታችሁ ቤት ዋሉ።

የሙጫው ቀለም ይታሰብበት። ለነጭና ለፈዛዛ ድንጋይ ነጭ ሙጫ ነው። ግራጫው በድንጋዩ ውስጥ አልፎ እንደ ጥላ ይታያል።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ ቤት የተነጠፈ እብነ በረድ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የምግብ ወንበሩ እግር ባረፈበት ቦታ አንዱ ድንጋይ ከጠርዝ እስከ መሃል ተሰነጠቀ። ወንበሩ ከባድ አልነበረም። ድንጋዩን ሲያነሱት ከጀርባው አምስት የሙጫ ጉብታ ተገኘ፤ አራቱ ማዕዘን ላይ፣ አንዱ መሃል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሁሉ ባዶ ነበር። የወንበሩ እግር ያረፈው ከነዚያ ባዶዎች በአንዱ ላይ ነው። ድንጋዩ እዚያ ላይ ድልድይ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ድልድይ ደግሞ ይታጠፋል፤ ድንጋይ አይታጠፍም። ሌሎቹን ሳንኳኳ ግማሹ ወለል እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። አንጣፊው የፈጠነው በዚህ ዘዴ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። ሙጫው መጀመሪያ በመቀቢያው ብረት ለስላሳ ጎን ኮንክሪቱ ላይ በኃይል ይታሻል። ከዚያ በጥርሳሙ ጎን ይበጠራል፤ ጎድጓዶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ይሂዱ። እንደ ማራገቢያ ዙሪያውን የተበጠረ ሙጫ ያምራል፤ ነገር ግን አየሩ መውጫ ያጣል። የድንጋዩ ጀርባ በእርጥብ ስፖንጅ ከአቧራ ይጸዳል፣ ስስ ሙጫም ይቀባል። ድንጋዩ ሲቀመጥ መስመሮቹን እያቋረጠ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ይገፋል። ያኔ ከፍ ከፍ ያሉት የሙጫ መስመሮች ይወድቁና ክፍተቱን ይሞላሉ። የጎማ መዶሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለማስተካከል እንጂ ለመሙላት አይደለም።

በትክክል መሠራቱን ማወቂያው ድንጋዩን ማንሳት ነው። የመጀመሪያውን ካስቀመጠ በኋላ ሠራተኛውን «እስቲ አንሳው» በሉት። ጀርባው ላይ ሙጫው ምን ያህል ይዟል? ለተፈጥሮ ድንጋይ 95 በመቶ መሸፈን አለበት፤ ማዕዘኖቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ። ቀጥ ያሉ የማበጠሪያ መስመሮች አሁንም ከታዩ አልተጫነም ወይም ሙጫው አንሷል። በየ10 ወይም 15 ድንጋዩ አንዱን እያስነሳችሁ እዩ። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም፤ ራሱም ያደርገዋል። የተበጠረውን ሙጫ በጣትም ንኩት። ጣታችሁ ላይ ካልያዘ ላዩ ደርቋል። ውሃ ጨምሮ ማደስ አይሆንም። ይፋቅና አዲስ ይቀባ።

በድንጋይና በድንጋይ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። «ተጋጥሞ ይለጠፍ፣ አንድ ወጥ ይምሰል» የሚል ሰው አለ። ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ክፍተት ከሌለ ጠርዝ ከጠርዝ ሲገፋፋ ይላጣል፤ ትንሿ ከፍና ዝቅም ለእግር ጣት ትታወቃለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መንቀሳቀሻው ነው። ወለል ይተነፍሳል። 10 ሜትር የሆነ ኮንክሪት በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። መሄጃ ስታጣ ግን ወለሉን መሃል ላይ እንደ ድንኳን ታነሳዋለች፣ አንዳንዴም በከፍተኛ ድምፅ። ስለዚህ በግድግዳው ዙሪያ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዋል። በግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል፤ አይታይም። እዚያ ክፍተት ውስጥ ሙጫም ሆነ ግራውት (በድንጋዮቹ መካከል የሚሞላው) መግባት የለበትም። ሰፊ ክፍል ውስጥ ደግሞ በየ6 እስከ 7.5 ሜትሩ፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ወለል ላይ ደግሞ በየ2.5 እስከ 3.5 ሜትሩ በለስላሳ ማሸጊያ የሚሞላ መስመር ያስፈልጋል። ኮንክሪቱ ላይ አስቀድሞ የተተወ የመንቀሳቀሻ መስመር ካለ በድንጋዩም ላይ በዚያው ቦታ ይቀጥል። ከላዩ ድንጋይ ብታጋድሙበት ልክ በዚያ መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ማሸጊያው ለተፈጥሮ ድንጋይ የተዘጋጀ መሆኑን ጠይቁ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን አሲድ አለው። ያንን ሎሚ አስታውሱ።

ቆራጩ በውሃ ይቁረጥ። ግራናይትና አሸዋማ ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጡ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሲሊካ አለበት። ሳንባ ውስጥ ከገባ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። የእድሳት ቤት ውስጥ ቤተሰብ እየኖረ ሳሎን መሃል በግራይንደር በደረቁ ሲቆረጥ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አትፍቀዱ። ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ብናኙን ለሚስበው ሠራተኛም ብላችሁ።

ከተነጠፈ በኋላ

ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም አይርገጠው። ከባድ ዕቃ ደግሞ ሳምንት ይጠብቅ። ሌላ ሥራ ከቀጠለ ወለሉን አየር በሚያሳልፍ ወፍራም ወረቀት ሸፍኑት። ላስቲክ እርጥበቱን ያፍነዋል። የረጠበ ካርቶን ደግሞ ቀለሙን ድንጋዩ ላይ ይተዋል፤ ፕላስተርም በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አይለጠፍ።

ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ከሆነ ግራውት ከመግባቱ በፊት የድንጋዩን ቀዳዳ የሚያጠብ ሲለር አንድ ጊዜ ይቀባ። አለዚያ የግራውቱ ቀለም ጠርዙን ይጠጣና እያንዳንዱ ድንጋይ ጥቁር ክፈፍ ያወጣል። ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማወቅ ጠብታ ውሃ አሳርፉበትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከጠቆረ ይጠጣል። ለተወለወለ እብነ በረድ አሸዋ የሌለበትን ግራውት ምረጡ፤ አሸዋማው ሲታሽ ይቦጭረዋል። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ይሞከር።

ሲለር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በትክክል መታወቅ አለበት። ጥሩው ዓይነት ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳዎቹን ያጠባል፤ የፈሰሰ ዘይት ወይም ቡና ከመግባቱ በፊት ለመጥረግ ጊዜ ይሰጣችኋል። አሲድን ግን አያቆምም። «ሲለር ተቀብቷል፣ ሎሚ ቢፈስም ችግር የለም» የሚላችሁን አትመኑ። ሲቀባም ውስጥ ያልገባው ትርፍ ሳይደርቅ መጠረግ አለበት፤ ከደረቀ ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ፊልም ይሆናል። የመጨረሻው ሲለር ደግሞ የሙጫውና የግራውቱ እርጥበት ከወጣ በኋላ ነው። ድንጋዩ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሎ ከታየ ገና አልደረቀም፤ ጠብቁ።

መታጠቢያ ቤት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድንጋይም ግራውትም ውሃ አያግዱም። ውሃ የሚያግደው ከሥራቸው የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ሜምብሬን ነው። የሻወሩ ወለል ደግሞ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማስወገጃው ይዘቅዝቅ።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በሩ ላይ ከውስጥም ከውጭም ምንጣፍ አድርጉ፤ አሸዋው እዚያ ይቀራል። ወለሉን በለስላሳ መጥረጊያ ጠርጋችሁ፣ ለድንጋይ በተዘጋጀ አሲድም በረኪናም በሌለበት ሳሙና ወልውሉት። ኮምጣጤና የሽንት ቤት ማጽጃ ካልሳይት ላይ እንዳይደርሱ።

የተረፉትን ድንጋዮች አትጣሉ። ሦስት አራቱን መጋዘን ውስጥ በጠርዛቸው አቁማችሁ አስቀምጡ። አጋድማችሁ ብትደራርቧቸው ይሰበራሉ። የድንጋዩን ስም፣ የገዛችሁበትን ቀን፣ የሙጫውንና የግራውቱን ዓይነት ከነቀለም ቁጥሩ በእርሳስ አንዱ ጀርባ ላይ ጻፉ።